«እኔ አክሰንት የለኝም» የሚሉት ሚሺጋኖች

አክሰንት ማለት ስህተት አይደለም። ድምፆችን የምናወጣበት መንገድ ነው። ስለዚህ የሚናገር ሰው ሁሉ አክሰንት አለው። ከባዱ የራስን መስማት ነው።

የአሜሪካ ግዛት የሆነችውን ሚሺጋንን እንይ። የቋንቋ ተመራማሪው ዴኒስ ፕሬስተን አሜሪካውያን ትክክለኛ እንግሊዝኛ የሚነገረው የት እንደሆነ እንዲያወዳድሩ ጠይቋል። የሚሺጋን ሰዎች ከፍተኛውን ነጥብ ለራሳቸው ግዛት ሰጡ። የአሜሪካን ደቡብ ግዛቶች ታች አወረዷቸው።

ግን ከቺካጎ በሚሺጋኗ ከተማ በዲትሮይትና በክሊቭላንድ አድርጎ እስከ ባፋሎ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ፣ አናባቢዎች ቦታ ቀያይረዋል። ድመት ለማለት «ካት» የሚለው ቃል ብዙዎች አፍ ላይ ወደ «ኪየት» ይጠጋል። «ብሎክ» ሲሉ የሌላ አካባቢ ሰው «ብላክ» ሊመስለው ይችላል። ተናጋሪዎቹ ግን ልብ አይሉትም።

የቋንቋ ተመራማሪዋ ናንሲ ኒድዝየልስኪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት ለዲትሮይት ነዋሪዎች የአንድ የዲትሮይት ተናጋሪ ድምፅ አሰማች። ለአንዳንዶቹ ተናጋሪው ካናዳዊ ነው ተባለ፤ ለሌሎቹ የሚሺጋን ሰው። ቤት ማለት የሆነው «ሃውስ» ውስጥ የካናዳ ቃና አለ ያሉት በብዛት ካናዳዊ ነው የተባሉት ናቸው። የተሰማው ድምፅ ግን ያው አንድ ነው! እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው፤ ጆሯችን የሚሰማው ቀድሞ የተነገረውን ጭምር ነው።

የደቡቦቹ ነገር ግን ያሳዝናል። የደቡቧ ግዛት የአላባማ ሰዎች የራሳቸውን አነጋገር ለጆሮ ደስ የሚል ነው ይላሉ። ትክክለኛነቱ ላይ ሲደርሱ ግን ያን ያህል አይደፍሩም። ሌላው የናቀውን እነሱም በከፊል ተቀብለውታል። በሥነ ልሳን ዓይን ግን የአላባማው አነጋገር ከሚሺጋኑ በምንም አያንስም።