ጎማ ማሟሸት ምንድን ነው?

ሞተር ብስክሌቱን ጥርሱ ባለቀ ጎማ ወራት የነዳ ሰው አዲስ ጎማ ሲያስገጥም መጀመሪያ የሚሰማው እፎይታ ነው። ከእንግዲህ ሞተሩ መሬት ቆንጥጦ ይሄዳል፣ ፍሬኑም ቶሎ ይይዛል ብሎ ያስባል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ስህተቱ መቸኮሉ ላይ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከጎሚስታ ወጥቼ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ነበር። በየቀኑ የማልፍበትን ኩርባ በለመድኩት ፍጥነት ገባሁበትና ሞተሩን አዘነበልኩት፤ የኋላው ጎማ ለቅጽበት ወደ ውጭ ሸርተት ብሎ ተመልሶ ያዘ። አልወደቅኩም፤ እጄ ግን ዳር ይዤ ከቆምኩ በኋላም ይንቀጠቀጥ ነበር። ወርጄ ጎማውን ስዳስሰው ገጹ እንደ ተወለወለ ቆዳ ለስላሳ ነው። መሃሉ ላይ ብቻ ሁለት ጣት የምታህል ደብዛዛ መስመር ትታያለች። እስከዚያች ደቂቃ መሬት የነካው ያ ብቻ ነበር።

ጎማ ማሟሸት የሚባለው ያችን ደብዛዛ መስመር ቀስ በቀስ ወደ ሁለቱም ጠርዞች ማስፋት ነው። አዲስ ዕቃ ሳይሟሽ ለሥራ እንደማይቀርብ ሁሉ፣ አዲስ የሞተር ብስክሌት ጎማም ሙሉ ጉልበቱ ከመጠየቁ በፊት በለዘብተኛ አነዳድ ይሟሻል። ለአዲስ ሞተር «ሮዳጅ» የምንለው ዓይነት ነገር ነው። ብዙ አምራቾች ለዚህ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመክራሉ። ቁጥሩን መያዝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጎማ የሚሟሸው በነካው ቦታ ልክ እንጂ በተጓዘው ርቀት ልክ ብቻ አይደለም።

ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ለምን ያንሸራትታል? መልሱ አሠራሩ ውስጥ አለ። ጥሬው ጎማ ከካርቦን ጥላሸት፣ ከሲሊካ፣ ከዘይትና ከድኝ ጋር ይደባለቅና በጋለ የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ ይበስላል። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማ ከድኝ ጋር ሲግል እንደሚጠነክር ካወቀ ወዲህ የዚህ ሥራ መሠረት ያው ነው፤ ድኙ የጎማውን ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። የቅርጽ ማውጫው ውስጠኛ ግድግዳ የተወለወለ ስለሆነ ጎማው ያንን ልስላሴ ወርሶ ይወጣል። በአዲስ ጎማ ላይ ቆመው የሚታዩት ቀጫጭን የጎማ ፀጉሮችም ከዚያው የመጡ ናቸው፤ አየር እንዲያስወጡ በተተዉ ቀዳዳዎች ሾልኮ የወጣ ጎማ ነው።

አስፋልት በአንጻሩ ሸካራ ነው። ጎማ መንገድ የሚይዘው በጥቃቅኖቹ ጠጠሮች መካከል ገብቶ ቅርጻቸውን በመከተልና ከገጻቸው ጋር በመጣበቅ ነው። ለስላሳው የላይኛው ቆዳ እስኪፋቅ ድረስ ሁለቱንም እንደሚገባ አያደርግም። በዚያ ላይ ጎማውን ከመሰነጣጠቅ ለመጠበቅ ድብልቁ ውስጥ የሚገባው ሰም፣ ጎማው ተቀምጦ ሲቆይ ወደ ገጹ ይወጣል። ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባ ማለስለሻም ነበር፤ ዛሬ ብዙ አምራቾች ቅርጽ ማውጫውን ራሱን በማይጣበቅ ልባስ ስለሚሸፍኑት ይህኛው ቀንሷል። ጎሚስታው ጎማውን ቸርኬው ላይ ለማስገባት የተጠቀመበት ሳሙና ወይም ቅባት ግን ዛሬም አለ። ጎኑ ላይ የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። ውስጥ የቀረው እስኪደርቅ ድረስ ደግሞ ጋዝ በኃይል መስጠትም ሆነ በኃይል ፍሬን መያዝ ጎማውን በቸርኬው ላይ ሊያሸራትተው ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን ቀን በትዕግሥት ማሳለፍ ለዚህም ይጠቅማል።

ስለ አዲስ ጎማ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ልስላሴ ነው። እኔ ይበልጥ የምጠነቀቀው ለቅርጹ ነው፤ ምክንያቱም ልስላሴው በዓይን ይታያል፣ የቅርጹ ለውጥ ግን ሞተሩ እስኪዘነበል ድረስ አይታወቅም።

ታቹ የጠበበ ብርጭቆ በጎኑ አስተኝተው ገፋ ቢያደርጉት ቀጥ ብሎ አይንከባለልም፤ ወደ ጠባቡ በኩል ክብ እየሠራ ይዞራል። የሞተር ብስክሌት ጎማ ሲዘነበል የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ገጹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ክብ የሆነው ለዚህ ነው፤ ባዘነበሉት ቁጥር መሬት የሚነካው ክፍል ወደ ትከሻው፣ ማለትም ወደ ጎኑ ጠርዝ፣ እየተንሸራተተ ሞተሩን ያዞረዋል። አሁን በቀጥታ መንገድ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ጎማ ያስቡ። መሃሉ ይበላና ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጠፍጣፋው ከትከሻው ጋር በሚገናኝበት ቦታም በግራና በቀኝ ጉብ ያለ ጠርዝ ይሠራል። በዚህ ጎማ ኩርባ ለመግባት ሞተሩን በዚያ ጠርዝ ላይ ማሻገር ያስፈልጋል። መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ መሪውን ገፋ ሲያደርጉት ድንገት ይወድቅልዎታል። ለውጡ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚመጣ ነጂው አያስተውለውም፤ እጁ ሳያውቅ እየጠነከረ ይሄዳል።

አዲሱ ጎማ ሲገባ ያ ሁሉ ባንዴ ይጠፋል። ሞተሩ በትንሽ ግፊት ይዘነበላል፤ የነጂው እጅ ግን ገና የአሮጌውን ጎማ ጉልበት ነው የሚጠቀመው። ውጤቱ ካሰቡት በላይ ማዘንበል ነው፤ ያውም ገና መሬት ነክቶ በማያውቀው፣ በሚያብለጨልጨው ትከሻ ላይ። የእኔም መንሸራተት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ማሟሸት ሁለት ቦታ ላይ የሚካሄድ ሥራ ነው፤ አንዱ በጎማው ገጽ፣ ሌላው በነጂው እጅ።

ልዩነቱ በቁጥርም ይታያል። ስፋቱ 180 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 55 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች የሆነ የኋላ ጎማ ሲቆም ከታች እስከ ላይ 630 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። መሃሉ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ቢበላ ይህ በ12 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ አንድ ዙር ሲዞር የሚሸፍነው መንገድም 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል። አዲሱ የኋላ ጎማ ሲገባ የሞተሩ ጀርባ በዚያው 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፣ ፊቱም በጥቂቱ ወደ መሬት ያዘነብላል፤ ይህ ብቻውን መሪውን ቀልጣፋ ያደርገዋል።

ብዙ ጊዜ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ያልቃል፤ የሞተሩን ጉልበት መሬት ላይ የሚያሳርፈው እሱ ነውና። አንዱን ብቻ መቀየር ስህተት አይደለም። ነገር ግን ፊቱ አዲስ ኋላው ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ፊቱ ኩርባው ውስጥ ሊገባ ሲል ኋላው ይጎትተዋል፤ ሞተሩ በሁለት ሰው የሚመራ ይመስላል። ሁለቱም ወደ ማለቁ ከተቃረቡ አብሮ መቀየሩን እመርጣለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች እንዴት እንንዳ? ከመነሳት በፊት ቆሞ የፍሬኑን እጀታና ፔዳል ደጋግሞ መጫን ይቀድማል። ጎማው ሲወጣና ሲገባ የፍሬን ሸራዎቹ ወደ ኋላ ተገፍተው ከሆነ የመጀመሪያው ጭነት ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን መንገድ ላይ ማወቅ ክፉ ነው። ቀጥሎ የአየር ግፊቱን ጎማው ሳይሞቅ መለካትና በሞተሩ መመሪያ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር። ከዚያ ደረቅ አስፋልት መርጦ በቀጥታው መንገድ ላይ ጋዝም ፍሬንም በልኩ እየሰጡ ጎማውን ማሞቅ። ጎማን የሚያሞቀው ሲጨመቅና ሲለጠጥ መዋሉ ነው፤ በዚህ በኩል በቀጥታ መንገድ መፍጠንና ማቀዝቀዝ፣ መሪውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ከመሄድ ይሻላል። ማዘንበሉ በየኩርባው ጥቂት ይጨመርበታል፤ በዝግታ ገብቶ፣ ጋዙን ሳያቋርጡ ለስልሶ መውጣት። የተቀባ የመንገድ መስመር፣ የብረት ክዳንና የፈሰሰ ዘይት ለተሟሸ ጎማም አደጋ ናቸው፤ ላልተሟሸው ግን ጨርሶ መነካት የለባቸውም።

ሥራውን ለማሳጠር ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁ፣ በቤንዚን የሚያጥቡም አሉ። የመጀመሪያው ሰሙን ቢፍቅ እንኳ የነጂውን እጅ አያለማምድም። ሁለተኛው ግን እለምናችኋለሁ ይቅር፤ ቤንዚን የጎማውን ድብልቅ ያበላሻል። ጎማን የሚያብለጨልጭ ቅባት መሬት በሚነካው ገጽ ላይ መቀባትማ የማይታሰብ ነው።

ዝናብ ላይ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። አዲስ ጎማ ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ ውኃውን በደንብ ያስወጣል፤ ከተሟሸ በኋላ በእርጥብ መንገድ ከአሮጌው ጋር አይወዳደርም። ሳይሟሽ ግን እርጥብ መንገድ ከሁሉ የከፋ ቦታው ነው። ዝናብ ካስፈራራ ቀጠሮውን ማዘግየት አያሳፍርም።

ስለ አበላሉም አንድ ነገር ልበል። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ላይ ረጃጅሞቹ የጎማ ጡቦች ፍሬን ሲያዝና ጋዝ ሲሰጥ ይተጣጠፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞተሩ ለስለስ፣ አንዳንዴም ዋዠቅ ያለ መስሎ የሚሰማው በከፊል በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ጎማው ክብ ሆኖ ይቆይ ወይም ቶሎ ጠፍጣፋ ይሁን የሚወስነው በአብዛኛው የአየር ግፊት ነው። አየሩ ሲበዛ መሬት የሚነካው ክፍል ይጠብና መሃሉ ቶሎ ይበላል፤ ሲያንስ ጎማው ከመጠን በላይ ይግላል፣ መሪው ይከብዳል፣ ትከሻውም ያለ አግባብ ይበላል። ከጉዞ በኋላ የሞቀ ጎማ ሲለካ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ያንን አይቶ አየር ማስተንፈስ ሲበርድ ጎዶሎ ማድረግ ነው።

በነገራችን ላይ አዲስ የሚባል ጎማ ሁሉ አዲስ አይደለም። በጎኑ ላይ ካሉት ጽሑፎች መካከል አራት አሃዝ ያለውን ይፈልጉ፤ 2324 ቢል እ.ኤ.አ. በ2024 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ብዙ ዓመት መጋዘን ውስጥ የተኛ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጎማነቱ ሊደርቅ ይችላል፤ ደርቆ የጠነከረ ጎማ ደግሞ ቢሟሽም አይለሰልስም።

160 ኪሎ ሜትሩ ሲሞላ ሞተሩን አቁመው ጎማውን ይመልከቱ። መሃሉና ትከሻው ደብዛዛ፣ ሸከር ያለ ሆኖ ያገኙታል፤ ወደ ዳር ግን አንድ ጣት የማይሞላ የሚያብለጨልጭ መስመር በሁለቱም በኩል ሊቀር ይችላል። አነዳድዎ እስከዚያ ድረስ ካላዘነበለ ያ መስመር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በኋላም እንደተገጠመበት ቀን አዲስ ነው። አንድ ቀን ድንገት ከመንገድ ላይ የሚሸሹት ነገር ገጥሞዎት ከወትሮው በላይ ቢያዘነብሉ፣ መሬት የሚነካው እሱ ይሆናል።