ጡረታ ለወጡ ዘመዶች ላፕቶፕ ሲገዛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስድሳ ሞልቷቸው ጡረታ የወጡ የድሬዳዋና የሐረር አባቶችና እናቶች እቤት ቁጭ አይሉም። አንዱ ልጃቸው ጋ ጂዳ ይሄዳሉ፣ አንዷ ልጃቸውን ሊያርሱ አሜሪካ ይከርማሉ፣ ጅቡቲ የሚመላለሱም አሉ። ከመሄዳቸው በፊት «ላፕቶፕ ይገዛላቸው» ይባልና ምክሩ ይጀምራል፤ ጎረቤት፣ የእህት ልጅ፣ የሱቁ ልጅ ሁሉም የየራሱን ይላል። ደጋግሞ የሚሰማውና ገንዘብ የሚያስበላው ምክር እነሆ።

«ለእሳቸው አሮጌው ይበቃል»

አሮጌ ማሽን የሚያገለግለው ጠባዩን ለሚያውቅ ሰው ነው። ወጣቱ ሲንቀራፈፍበት ይታገሳል፣ ሲደርቅበት አጥፍቶ ያበራል፣ «ቫይረስ ተገኝቷል» የሚል የማጭበርበሪያ መስኮት ሲመጣበት ስቆ ይዘጋዋል። እናቱ ግን የመጣውን ሁሉ «እሺ» ይሉታል። ስለዚህ ልምድ የሌለው ሰው የሚያስፈልገው ከሁሉም የተሻለ የተጠበቀ ማሽን ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 በደንቡ ለመሻገር ማሽኑ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ቺፕ ሊኖረው፣ ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባል። ከዚያ በታች ባለው ላይ በጓሮ በር የተጫነ ዊንዶውስ 11 ይሰራል፤ ግን አንድ ቀን አፕዴት አልቀበልም ሲል የማሽኑ ባለቤት ቶሮንቶ ናቸው፣ የጫነው ልጅ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ነው።

ያገለገለ መግዛት ራሱ ነውር የለውም። ከመክፈል በፊት ግን አጥፍታችሁ አብሩትና ወዲያው ኤፍ2ን (ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10ን፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ1ን) ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ባዮስ የተባለው የማሽኑ የውስጥ ማስተካከያ ይከፈታል። ፓስዎርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ተዉት፤ የድሮ መሥሪያ ቤቱ ቁልፍ አልወረደለትም ማለት ነው። ማክቡክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ከአይክላውድ መውጣቱን ሳታዩ ብር አታውጡ። ኪቦርዱንም እዩ፦ ከፈረንሳይ የመጣው ላይ «ኤ» በ«ኪው» ቦታ፣ ከጀርመን የመጣው ላይ «ዜድ» በ«ዋይ» ቦታ ነው። ፊደል እየፈለጉ በአንድ ጣት ለሚጽፉ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«አይ ሰቨን ነው፤ ሌላ ምን ይጠየቃል?»

ብዙ ነገር ይጠየቃል። አይ ሰቨን የኢንቴል ፕሮሰሰር ደረጃ ስም ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው ዕድሜውን የሚናገረው። አይ7-4600ዩ 4ኛ ትውልድ፣ ባለሁለት ኮር ነው። አይ5-8250ዩ 8ኛ ትውልድ፣ ባለአራት ኮር ነው። ሱቅ ውስጥ ግን «ሰቨን» የተባለው ከ«ፋይቩ» በላይ ሊጠየቅበት ይችላል። ቁጥሩ በ1 ከጀመረ (1035፣ 1135፣ 1235) የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ውሰዱ፦ 10ኛ፣ 11ኛ፣ 12ኛ ትውልድ። በስቲከሩ አትመኑ፤ ስቲከር ለብቻው ይሸጣል። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት የሚለው ውስጥ ግቡና ከማሽኑ አንብቡ።

ለቪዲዮ ጥሪ፣ ለዩቲዩብ፣ ፎቶ ለማየትና ደብዳቤ ለመጻፍ የቅርብ ትውልድ አይ3 ወይም ራይዘን 3 ከ8 ጊጋ ራም ጋር አይንቀራፈፍም። 4 ጊጋ ራም ያለውን አትግዙ፤ ዊንዶውስ 11 ራሱ አብዛኛውን ይበላዋል። ማከማቻውም «አንድ ቴራ ነው» ሲባል ምን ዓይነት ቴራ እንደሆነ ጠይቁ። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ከ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ በብዙ ይፈጥናል፤ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለውም እየሠራ ሳለ ቢወድቅ ይተርፋል። ሃርድ ዲስክ ያለበት ላፕቶፕ ሳይጠፋ ክዳኑ ብቻ ተዘግቶ ቦርሳ ሲገባና የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጣ መርፌው ዲስኩን የሚፍቅበት አጋጣሚ አለ። ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ላይ ዲስኩ ስር ዓይነቱ ተጽፏል።

«ዓይናቸው ስለደከመ ትልቁን ስክሪን ግዙላቸው»

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ምክሩ እውነት ይመስላል።

ርካሽ የሆኑት ባለ15.6 ኢንች ላፕቶፖች ብዙዎቹ የስክሪናቸው ጥራት 1366 በ768 ነው። ዓይናቸው ለደከመ ሰው ጽሑፉን ለማተለቅ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ስኬል የሚለው ውስጥ ገብተን 150 በመቶ እናደርገዋለን። በዚያ ስክሪን ላይ ታዲያ ከላይ እስከ ታች ያለው 768 መስመር ለ1.5 ሲካፈል የ512 መስመር ያህል ቦታ ብቻ ይቀራል። ውጤቱን ቁጭ ብላችሁ እዩት፦ የቪዛ ፎርም የሚሞላበት ወይም ፋይል የሚያያዝበት መስኮት ይከፈታል፣ ጽሑፉ ጉልህ ነው፣ ነገር ግን ከታች ያሉት «እሺ» እና «ሰርዝ» የሚሉት ቁልፎች ከስክሪኑ ውጪ ወድቀዋል። ወደ ታች መጎተት አይቻልም። አባት ሩብ ሰዓት ከታገሉ በኋላ «ይሄ ነገር ለእኔ አልተሠራም» ብለው ይዘጉታል፤ ሁለተኛም አይከፍቱትም።

በ1920 በ1080 ስክሪን ላይ ያው 150 በመቶ የ720 መስመር ቦታ ይተዋል፤ ሁሉም ነገር ይገባል። ስለዚህ ባለ14 ኢንች ሆኖ 1920 በ1080 የሆነው፣ ባለ15.6 ሆኖ 1366 ከሆነው ለደከመ ዓይን ይበልጣል። ክብደቱም ከ1.3 እስከ 1.6 ኪሎ ገደማ ሲሆን ትልቁ 2 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። የአንድ ኪሎ ስኳር ግማሽ ነው ልዩነቱ ትሉ ይሆናል፤ በጉልበት ሕመም የኤርፖርት ደረጃ የሚወጡ እናት ግን ያውቁታል። ቢቻል የስክሪኑ ብርሃን 300 ኒትስ ይሁን፣ ገጹም የማያንጸባርቅ። ከሱቁ በር ወጣ ብላችሁ በድሬ የቀን ብርሃን፣ ጥላ ስር ሆናችሁ ካላነበባችሁት ቤታቸው በረንዳ ላይም አይነበብም።

«አዲስ ባትሪ መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ ይደረጋል፣ ከዚያ ዜሮ እስኪገባ ይሠራበታል»

ይህ የድሮ የኒኬል ባትሪ ሕግ ነው። የዛሬው ሊቲየም ነው፤ ሲሞላ ራሱ መቀበሉን ያቆማል፣ ደጋግሞ ዜሮ ማስገባት ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ሊቲየምን በዋናነት የሚገድለው ሙቀት ነው፤ በተለይ መቶ በመቶ ተሞልቶ ሳለ የሚሞቅ። የብዙ ላፕቶፖች መመሪያ እስከ 35 ዲግሪ ባለ የክፍል ሙቀት እንዲሠራባቸው ይላል፤ ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት ያንን ትነካለች። ሐረር በከፍታዋ ትድናለች፤ እዚያ ጠላቱ ሌላ ነው። በሐረሪ ቤት ነደባው (መቀመጫ መደቡ) ላይ ምንጣፍና ትራስ ተደላድሎ ላፕቶፑ ከላዩ ሲቀመጥ፣ ከሆዱ ስር አየር የሚስብበት ቀዳዳ በጨርቁ ይታፈናል። ፋኑ ይጮሃል፣ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሰው «ላፕቶፑ አረጀ» ይላል። በርጫ ላይም ፍራሽ ላይ ያው ነው። አንድ ሰፌድ ወይም ጠፍጣፋ የእንጨት ትሪ ከስሩ ማድረግ ይበቃል። በዓመት አንዴም የፋኑ አቧራ ይነፋ።

ሁልጊዜ ሶኬት ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም አድርጉት፤ ሌኖቮ፣ አሱስ፣ ዴልና ኤችፒ ሞዴሎቻቸው ላይ ይህን የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው። ከጉዞው በፊት ባለው ማታ ወደ መቶ መልሱት። መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ንቀሉ፤ ቻርጀሩን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ባትሪውን በቃል አትቀበሉ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሻጩ ከኮማንድ ፕሮምፕት እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። ሁለት ቁጥር ታነጻጽራላችሁ፦ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን የሚይዘው። 50,000 የነበረው 28,000 ከሆነ ባትሪው 56 በመቶ ብቻ ቀርቶታል፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይነሳ።

«አሜሪካ መብራቱ 110 ነው፤ ላፕቶፑ ትራንስፎርመር ይፈልጋል»

አይፈልግም። ቻርጀሩን ገልብጡና ኢንፑት ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ካለ ከእኛ 220 እስከ አሜሪካ 120 ድረስ ራሱ ይላመዳል። ትራንስፎርመር የሚያስፈልገው ለካውያና ለውኃ ማፍያ ነው፤ እነሱ ደግሞ እዚያው ይገዛሉ። የሚለያየው የስፒናው እግር ነው፦ አሜሪካና ካናዳ ሁለት ጠፍጣፋ፣ ሳዑዲና ዱባይ ሦስት ወፍራም አራት ማዕዘን። ጅቡቲ የእኛው ሁለት ክብ ይገባል። ጽሑፉ ላይ 220 ብቻ ያለበት የገበያ ቻርጀር ካጋጠማችሁ እቤት ይቅር።

ስትመርጡ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚሆነውን አስቀድሙ፤ አንድ ባለ65 ዋት ቻርጀር ላፕቶፑንም ስልኩንም ይሞላል። ግን ዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ያለው ሁሉ መብራት አይቀበልም፤ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ የቻርጅ ምልክቱን ሳታዩ አትመኑ። የስልኩ ትንሽ ቻርጀርም አያነሳውም።

«ሻንጣ ውስጥ በልብስ ቢጠቀለል ይሻላል»

ላፕቶፑ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ፓወር ባንክማ በእጅ መያዙ ግዴታ ነው፤ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባው ሻንጣ አይፈቀድም። ወሰኑ 100 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከዚያ እስከ 160 ድረስ የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠየቃል። የላፕቶፕ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ100 በታች ነው፤ ለምሳሌ 11.4 ቮልት ሲባዛ በ4.2 አምፔር-ሰዓት 48 ገደማ ይሆናል። ችግር የሚያመጣው ፓወር ባንኩ ነው። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚለው፣ ማለትም 20 አምፔር-ሰዓት፣ በ3.7 ቮልት ተባዝቶ 74 ስለሚሆን ያልፋል፤ 30,000 የሚለው 111 ነው። ጽሑፉ የተፋቀ ፓወር ባንክ ደግሞ ፍተሻ ላይ ሊወሰድ ይችላል።

«ላፕቶፕ ካላቸው ስልኩ ምን ያደርጋል?»

ላፕቶፑ ላይ ያለው ዋትሳፕ የስልኩ ጥገኛ ነው፤ ስልኩ ከ14 ቀን በላይ ካልተከፈተ ላፕቶፑ ላይ ይዘጋል። ዱባይ ላይ የዋትሳፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ አይሠራም፤ መልእክቱ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ እዚያ ለሚሄዱ ቦቲም የተባለው የጥሪ አፕ ከዚሁ ይጫንና ከዘመድ ጋር ይሞከር። ጂሜይላቸው ኮድ የሚልከው ወደ ኢትዮጵያው ሲም ከሆነ፣ ሲሙ ከአገር ወጥቶ ሮሚንግ ከሌለው ኮዱ ላይደርስ ይችላል። የልጅ ስልክ ቁጥርም ይጨመርበት። ጎግል 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፣ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ፤ ወረቀት ላይ ተጽፈው ከፓስፖርቱ በተለየ ቦታ ይቀመጡ። ለዑምራ ብቻ የሚሄዱ ከሆነ ግን ላፕቶፑን ተዉት፤ እዚያ የሚያስፈልጋቸው ስልክና ምቹ ጫማ ነው።

«አማርኛ ለመጻፍ ፕሮግራም ይገዛል»

የአማርኛ ኪቦርድ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ ከታይም ኤንድ ላንጉዌጅ ይጨመራል። ለኦሮምኛና ለሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ የሚጨመር የለም። ዩኒኮድ ባልሆነው የድሮ ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ፊደሉ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ይሆናል።

«በጣት የሚነካ ስክሪን ይቀላቸዋል»

እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አይቀልም፤ ሁለቴ ነክተው ሌላ ነገር ይከፍታሉ። ተራ ማውስ ግዙና የቀስቱን ፍጥነት ዝቅ፣ መጠኑን ከፍ አድርጉ።

«እዚያ ሲደርሱ ልጆቻቸው ያሳዩዋቸዋል»

ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። ከመሄዳቸው 2 ሳምንት በፊት ኩዊክ አሲስትን አለማምዷቸው፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ፣ ከርቀት የሌላውን ስክሪን የሚያሳይ ነው። ረዳቱ በራሱ የማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ኮድ ያወጣል፣ እሳቸው ይጽፉታል፣ ከዚያ ይፈቅዳሉ። እናንተ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር፣ እሳቸው ከዚራ ሰፈር ሆነው ሦስት ጊዜ ሞክሩት፤ አጠገባቸው ሆናችሁ አይደለም። አንድ ነገር ደግማችሁ አስረግጡ፦ ኮዱን የሚሰጣቸው ድምፁን የሚያውቁት ልጃቸው ብቻ ነው፤ «ከማይክሮሶፍት ነው የምደውለው» የሚል ሰው ከመጣ ስልኩ ይዘጋል።