«ሚድ ፖዚሽን» ምንድን ነው? በእንግሊዝኛ በብዙ ቁጥር ስምና በግስ መካከል የምትገባው ቃል

«ውሾች ብዙ ጊዜ ይጮኻሉ» ለማለት «ዶግስ ኦፍን ባርክስ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሞልቷል። ይኸው ተማሪ «እስቲ ኦፍንን አውጥተህ ጻፈው» ሲባል «ዶግስ ባርክ» ይላል፤ አይሳሳትም። ታዲያ መሃል የገባችው አንዲት ቃል ምን አድርጋ አሳሳተችው?

ያች ቃል ተውሳከ ግስ፣ ማለትም ግስን የምትገልጽ ቃል ናት። ተውሳከ ግስ በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ማረፊያ አለው፤ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ። መሃለኛው፣ ማለትም ከባለቤቱ ቀጥሎ ግሱ አካባቢ ያለው ስፍራ፣ በሰዋስው መጻሕፍት «ሚድ ፖዚሽን» ይባላል። «ኦልዌይስ»፣ «ዩዥዋሊ»፣ «ኦፍን»፣ «ኔቨር» እና «ፕሮባብሊ» አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ማረፊያ ብዙም አያስቸግሩም፤ ጉዱ ያለው መሃል ላይ ነው።

በመጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እንጨርስ። እኛ ብዙ ቁጥርን ግሱ ላይ እንጨምራለን፤ ይጮኻል፣ ይጮኻሉ እንላለን። እንግሊዝኛ በአሁን ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋል። ግሱ ላይ «ስ» የሚለጠፈው ባለቤቱ ነጠላ ስም ሲሆን ነው፤ ባለቤቱ ሲበዛ ይራቆታል። ስለዚህ «ዶግስ» ላይ ያለችውን «ስ» አይቶ ግሱም ላይ መድገም የሚያጓጓ ስህተት ነው። ስሙና ግሱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ጆሮ ይይዘዋል፤ መሃላቸው ቃል ሲገባ ግን ጆሮ ይዘናጋል። ተውሳከ ግስ ራሱ ቁጥር የለውም፤ ከማንም ጋር አይስማማም። «ኦልዌይስ» ጭራ ላይ ያለችው «ስ» እንኳ ከብዙ ቁጥር ጋር አትዛመድም፤ ከድሮ የአገናዛቢ ቅርጽ የተረፈች ናት። ስለዚህ የተጠራጠረ ሰው ተውሳከ ግሱን በጣቱ ሸፍኖ የቀረውን ያንብብ።

ጣት የማያድንበት አንድ ወጥመድ ግን አለ። «ዘ ሊስት ኦፍ ኔምስ ዩዥዋሊ ኮምስ ሌት» ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «የስሞቹ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል» ማለት ነው። ከ«ዩዥዋሊ» ጎን የተቀመጠው «ኔምስ» ብዙ ቁጥር ቢሆንም ባለቤቱ እሱ አይደለም፤ የሚዘገየው ዝርዝሩ ነው።

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ። «ተውሳከ ግስ ከግስ በፊት ይገባል» የሚለው ትምህርት ግማሽ እውነት ነው፤ እንዲያውም ከሚጠቅመው ይልቅ የሚያሳስተው ይበዛል ባይ ነኝ። «ስቱደንትስ ኦፍን ፎርጌት» ሲባል፣ ማለትም ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ ሲባል፣ ሕጉ ይሠራል። «ብዙ ጊዜ ያረፍዳሉ» ስንል ግን «ስቱደንትስ አር ኦፍን ሌት» ነው፤ «ኦፍን» ከ«አር» በኋላ ሄደች። «ብዙ ጊዜ ረስተዋል» ስንል ደግሞ «ስቱደንትስ ሃቭ ኦፍን ፎርጎተን» ይሆናል፤ ከረዳት ግሱ በኋላ፣ ከዋናው ግስ በፊት። ረዳቶቹ ሁለት ከሆኑ ከመጀመሪያው ቀጥላ ትቀመጣለች፤ «ስቱደንትስ ሃቭ ኦፍን ቢን ዋርንድ»፣ ብዙ ጊዜ ተነግሯቸዋል።

ይህን ሁሉ ከመሸምደድ አንድ መለኪያ መያዝ ይሻላል፤ «ኖት»ን። «አር ኖት ሌት» ከተባለ «አር ኦፍን ሌት» ይባላል። «ሃቭ ኖት ፎርጎተን» ከተባለ «ሃቭ ኦፍን ፎርጎተን» ይባላል። አፍራሹ ቃል፣ ማለትም አሉታን የሚያመጣው «ኖት»፣ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተውሳከ ግሱም ይቀመጣል። ልዩነታቸው ረዳት ግስ በሌለበት ጊዜ ይታያል፤ ያኔ «ኖት» ብቻዋን መቆም ስለማትችል «ዱ»ን ትጠራለች፣ «ዱ ኖት ፎርጌት» ትላለች። «ኦፍን» ግን ደጋፊ አትሻም።

ሁለቱ አብረው ሲመጡስ? «ዩዥዋሊ ዱ ኖት ፎርጌት» እና «ዱ ኖት ዩዥዋሊ ፎርጌት» ሁለቱም ያስኬዳሉ። «ሰምታይምስ» እና «ፕሮባብሊ» ግን ከ«ዱ ኖት» መቅደም ይወዳሉ፤ «ዱ ኖት ፕሮባብሊ» ያለ ሰው ወዲያው ያስነቃል። «ኔቨር» ደግሞ ራሷ አፍራሽ ስለሆነች ከ«ኖት» ጋር አትደረብም። እኛ «ፈጽሞ አይረሱም» ስንል «ፈጽሞ»ም አለች፣ ግሱም ይፈርሳል። በእንግሊዝኛ ግሱ ሳይፈርስ ይቀራል፤ «ስቱደንትስ ኔቨር ፎርጌት»። ከአማርኛ በቀጥታ የሚገለብጥ ሰው «ኔቨር ዱ ኖት ፎርጌት» ይልና «ሁልጊዜ ይረሳሉ» ወደሚለው ትርጉም ይጠጋል።

በግስና በተሳቢ መካከልስ? እንግሊዝኛ እዚያ ላይ በሩን ዘግቷል። «ስቱደንትስ ኦፍን ፎርጌት ዘ ሩልስ» ይባላል እንጂ «ስቱደንትስ ፎርጌት ኦፍን ዘ ሩልስ» አይባልም። ፈረንሳይኛ ግን ይህንኑ ሐሳብ «ሌ ዜቱድያን ኡብሊ ሱቫን ሌ ሬግል» ይላል፤ ብዙ ጊዜ የምትለዋ «ሱቫን» ከግሱ በኋላ ናት። ዣን ኢቭ ፖሎክ የተባለ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ታዋቂ ጥናት ነገሩን እንዲህ ተነተነው፤ የሚንቀሳቀሰው ተውሳከ ግሱ ሳይሆን ግሱ ነው። በፈረንሳይኛ ማንኛውም የተረባ ግስ ተውሳከ ግሱን ዘሎ ወደፊት ይወጣል፤ በእንግሊዝኛ የመዝለል መብት ያላቸው እንደ «ቢ» እና «ሃቭ» ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ተራው ግስ ካለበት አይነቃነቅም። «ኦፍን» ከ«ፎርጌት» በፊት፣ ከ«አር» ግን በኋላ የሆነችው ለዚህ ነው፤ እሷ እዚያው ተቀምጣለች፣ «አር» ነው ዘሏት የሄደው። እንግሊዝኛም ድሮ ግሱን ሁሉ ያዘልል ነበር፤ «አይ ኖው ኖት» የሚለው ያረጀ አነጋገር የዚያን ዘመን ልማድ ያሳያል።

በዚህ ቦታ ላይ በአብዛኛው ብዙ ቁጥርን የሚከተሉ ቃላትም አሉ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ይህ ክፍል ነው። «ኦል»፣ «ቦዝ» እና «ኢች» ተውሳከ ግስ አይደሉም፤ ግን ከስሙ ተነጥለው ልክ «ኦፍን» የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ያርፋሉ። «ዘ ስቱደንትስ ኦል ፎርጎት»፣ «ዘ ስቱደንትስ አር ኦል ሌት»፣ «ዘ ስቱደንትስ ሃቭ ኦል ፎርጎተን»። ወንበሩ ያው ነው። እኛም ብንሆን «ሁሉም ተማሪዎች ረሱ» እና «ተማሪዎቹ ሁሉም ረሱ» እንላለን።

«ኢች» ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «ኢች ስቱደንት ሃዝ ኤ ቡክ» ሲባል ግሱ ነጠላ ነው። «ኢች» ወደ መሃል ስትሄድ ግን «ዘ ስቱደንትስ ኢች ሃቭ ኤ ቡክ» ይሆናል፤ ባለቤቱ «ስቱደንትስ» ሆነ፣ ግሱም እሱን ተከተለ። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ጋ መሳሳት አልነበረበትም፤ ነገሩ በአፉ አለ። «እያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፍ አለው»፣ «ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው መጽሐፍ አላቸው»። እያንዳንዱ ካልክ አለው፣ እያንዳንዳቸው ካልክ አላቸው፤ «ሃዝ» እና «ሃቭ»ም እንዲሁ ናቸው።

የመሃል ቦታ አንዳንዴ አሻሚ ይሆናል። «ቺልድረን ሁ ሪድ ኦፍን ለርን ፋስተር» የሚለውን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚያነቡ ልጆች ፈጥነው ይማራሉ ነው ወይስ የሚያነቡ ልጆች ብዙ ጊዜ ፈጥነው ይማራሉ? «ኦፍን» በሁለት ግሶች መካከል ቆማ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ታያለች፤ እንግሊዞቹም እንዲህ ያለውን ገላጭ «ስኩዊንቲንግ» ይሉታል፣ ሸውራራ እንደማለት። በንግግር ትንፋሽ መውሰድ ይለየዋል። በጽሑፍ ኮማ መጨመር አያዋጣም፤ ባለቤትን ከግሱ የሚለይ ኮማ ራሱ ስህተት ነው። የፈለግነው የመጀመሪያው ትርጉም ከሆነ ያለው መላ «ሁ ኦፍን ሪድ» ብሎ ቃሏን ማዛወር ነው።

ሁሉም ተውሳከ ግስ መሃል አይገባም። «ኩዊክሊ» ትገባለች፤ «ዌል»፣ «ፋስት» እና «ሃርድ» ግን መጨረሻ ላይ ይቀራሉ፤ «በርድስ ፋስት ፍላይ» ለዘፈን ካልሆነ አይሆንም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። «ስቱደንትስ አር ኦልዌይስ ሌት» ላለ ሰው «አዎ፣ ሁልጊዜም ናቸው» ብለን ስንመልስ «ዘይ ኦልዌይስ አር» እንላለን እንጂ «ዘይ አር ኦልዌይስ» አንልም። «ሌት» ተቆርጣ ስለወደቀች ዐረፍተ ነገሩ «አር» ላይ ያልቃል፤ ድምፁ እዚያ ጠንከር ይላል፤ «ኦልዌይስ»ም በዚህ ጊዜ ተመልሳ ከ«አር» ፊት ትቆማለች።