«እኔ ማን ነኝ?»፦ የራማና ማሃርሺ ጥያቄ ምንድን ነው?

ህንዳዊው የሂንዱ መምህር ራማና ማሃርሺ ሰዎች ሲጠይቁት ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ወደ ጠያቂው ይመልሰው ነበር። «ይህን የሚጠይቀው ማን ነው?» ይላል። ጠያቂውን ለማፋጠጥ ብሎ አይደለም። ትምህርቱ ራሱ ይኸው ነው። ስሙም «አትማ ቪቻራ»፣ ራስን መመርመር ይባላል።

አንድ ሰው ሰደበኝ እንበል። ደሜ ይፈላል፤ ሐሳቤ ወደ ሰውየው ይሮጣል። ራማና ግን ፊትህን ወደ ውስጥ መልስ ይላል። ይህ ንዴት የመጣው በማን ላይ ነው? በእኔ። እኔስ ማን ነኝ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄውን እንደ ጸሎት ይደጋግመዋል፤ ወይም «እኔ መንፈስ ነኝ» ብሎ ይመልስና ያርፋል። ይህም ቢሆን ሌላ ሐሳብ ነው። የሚፈለገው «እኔ» የሚለው ስሜት ከየት እንደሚነሳ ልብ ብሎ መከታተል ነው። እንደ ራማና አባባል፣ ያ «እኔ» አጥብቀው ሲፈልጉት ይጠፋል፤ እውነተኛው ማንነት ብቻ ይቀራል። ጥያቄውም አብሮ ያልቃል፤ አስከሬን ሲቃጠል እሳቱ የሚቆሰቆስበት እንጨት መጨረሻ ላይ ራሱም እንደሚነድ። ምሳሌው የራሱ የራማና ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1879 በደቡብ ህንድ በታሚሎች አገር ሲሆን ስሙ ቬንካታራማን ነበር። በ1896፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ማዱራይ ከተማ አጎቱ ቤት ሳለ ድንገት የሞት ፍርሃት ያዘው። ሕመም የለበትም። ሐኪም ጥሩልኝ አላለም። እንደ ሬሳ ተዘርግቶ ተኛ፤ ትንፋሹን ያዘ፤ ከንፈሩን ገጠመ። ሥጋዬ ቢሞት እኔም ሞትኩ ማለት ነው? ሲል ራሱን ጠየቀ። አልሞትኩም የሚል መልስ አገኘ፤ ከዚያ ወዲያ የሞት ፍርሃት አልተመለሰበትም።

ከሳምንታት በኋላ ከቤት ጠፋ። ወንድሙ የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲከፍልለት 5 ሩፒ ውሰድ ብሎት ነበር። 3ቱን ለባቡር ወሰደ። 2ቱን ከማስታወሻ ጋር ትቶ ሄደ፤ ክፍያህ አልተከፈለም የሚል ቃልም ጻፈበት። ዓለምን ጥሎ የሚሄድ ልጅ ለወንድሙ ክፍያ እንዲህ መጠንቀቁ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ቲሩቫናማላይ ከተማ ደረሰና በአሩናቻላ ተራራ ሥር ቀረ። እስኪሞት ከዚያ አልወጣም። መጀመሪያ ላይ ለዓመታት ብዙም አይናገርም ነበር። በ1902 ግድም ሲቫፕራካሳም ፒላይ የተባለ ሰው ላቀረበለት ጥያቄዎች በጽሑፍ የሰጠው መልስ ነው «እኔ ማን ነኝ?» የተባለችው ትንሽ መጽሐፍ የሆነው።

ኋላ ዙሪያው አሽራም፣ ማለትም ደቀ መዛሙርት አብረው የሚኖሩበት መንፈሳዊ ስፍራ፣ ሲመሠረትም ሌሊት ተነሥቶ ወጥ ቤት አትክልት ይከትፍ ነበር። ለእሱ ብቻ የተለየ ምግብ ሲመጣለት ለሁሉም እኩል ካልተከፋፈለ አይወድም። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ፖል ብራንተን በ1931 ጎብኝቶት በ1934 ስለ እሱ ከጻፈ ወዲህ አውሮፓውያን ይጎርፉ ጀመር። ሃይማኖታችሁን ለውጡ አላላቸውም።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1950 በካንሰር ሞተ። ተተኪ አልሾመም። ዛሬ በስሙ የሚያስተምሩ በየአገሩ ሞልተዋል፤ እኔን ወክሎ ያስተምር ብሎ የሰየመው ግን አንድም የለም።