ሪሴትልመንት ምንድን ነው? ከምናውቀው ሰፈራስ በምን ይለያል?

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ቡና ጠሩኝ። እትዬ ነው የምላቸው፤ ሰባን ዓመት አልፏቸዋል። ቡናው ሳይወቀጥ ጥያቄው መጣ። «አንተ፣ ይሄ ናይሮቢ ያለው የእህቴ ልጅ ሊያሰፍሩኝ ነው ይላል። ምን ዓይነት ሰፈራ ነው? ደግሞ የት ሊወስዱት ነው?»

ልጁ በስልክ ያላቸው «ሪሴትልመንት ደረሰልኝ» ነበር። ተማሪዋ የልጅ ልጃቸው «ሰፈራ ማለት ነው» ብላ ተረጎመችላቸው። አልተሳሳተችም። እትዬን ያስደነገጣቸው ግን ይሄው ትርጉም ነው።

እኛ አገር፣ ሰሜን ሸዋ፣ «ሰፈራ» ሲባል ትልልቆቹ ሰዎች ዝም ይላሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ሰው እያነሣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል አሰፈረ። በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ነው። ፈቅዶ የሄደ ነበር፤ ተገዶ የተጫነም ነበር። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ የተለያዩበት ጊዜ ነው። የእትዬ ታላቅ ወንድም ያኔ ነው የሄዱት። አልተመለሱም።

ስለዚህ መጀመሪያ ያልኳቸው «ይሄ እንደዚያኛው አይደለም» ነው። ከዚያ ረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒ አሰለፍኩ።

የመጀመሪያው ሲኒ ሰውየው የሸሸው አገር ነው። ሁለተኛው ድንበር ተሻግሮ የተጠለለበት አገር፤ ለእህታቸው ልጅ ኬንያ ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ «እኔ በቋሚነት እቀበለዋለሁ» ያለ ሌላ አገር ነው። ሪሴትልመንት ማለት ከሁለተኛው ሲኒ ወደ ሦስተኛው በሕጋዊ መንገድ መዛወር ነው። ሰውየው እሺ ካላለ ማንም አይጭነውም። ተቀባዩ አገርም እሺ ካላለ ማንም አያስገድደውም። መብት አይደለም። ይቺን ነገር ብዙ ሰው አያውቃትም። ስደተኛ ሆኖ መጠለል በዓለም አቀፍ ሕግ የሚጠየቅ ነገር ነው፤ ሦስተኛ አገር መሄድ ግን የተቀባዩ ፈቃድ ነው።

ለስደተኛ ሦስት ዘላቂ መፍትሔ አለ ይባላል። አገሩ ሰላም ሲሆን በፈቃዱ መመለስ፣ በተጠለለበት አገር ተዋሕዶ መኖር፣ ሁለቱም ካልሆኑ ሪሴትልመንት። ሦስተኛው ዕድል በጣም ጠባብ ነው። በየዓመቱ የሚደርሰው ከዓለም ስደተኛ ከመቶ አንዱን እንኳ አይሞላም።

«ታዲያ እነዚያ ቻይና ካምፕ ያሉት ለምን አይወሰዱም?» አሉኝ እትዬ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ቻይና ካምፕና ባቄሎ የተጠለሉ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ወላጆቻቸው በዚያው በ77ቱ ሰፈራ ወደ ወለጋ የሄዱ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ኑሮው ሁለት ጊዜ ተነቅሏል፤ አንዴ በአባቱ፣ አንዴ በራሱ። በሕጉ ዓይን ግን ስደተኛ አይደለም። በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ እሳደዳለሁ የሚል በቂ ስጋት ኖሮት ከአገሩ የወጣን ሰው ነው። ከአገሩ የወጣ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ድንበር ያልተሻገረ ተፈናቃይ ነው፤ የሪሴትልመንቱ መዝገብ አያውቀውም።

በሌላ በኩል ሰሜን ጎንደር ዳባት አካባቢ አለምዋጭ የሚባል የስደተኞች ጣቢያ አለ። እዚያ ያለ ኤርትራዊ ድንበር ተሻግሯል፤ ስለዚህ ሊታጭ ይችላል። ኢትዮጵያ ራሷ አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኛ አስጠልላለች። በአንድ ክልል ውስጥ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት የተለያየ ሕግ። ለእኔ ይሄ ፍትሕ አይመስለኝም፤ ግን አሠራሩ እንዲህ ነው።

ከዲቪ ጋር የሚያምታቱትም አሉ። ዲቪ ዕጣ ነው፤ ቤትህ ቁጭ ብለህ ትሞላለህ። ሪሴትልመንት ዕጣ የለውም፤ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የሚሞላ ፎርምም የለውም። «ሪሴትልመንት እናስጨርሳለን» ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ከገጠመህ፣ ሻይህን ጨርሰህ ተነሣ። ዩኤን፣ ማለትም የመንግሥታቱ ድርጅት የስደተኞች መሥሪያ ቤት፣ ለዚህ አገልግሎት አምስት ሳንቲም አያስከፍልም።

ማን ይመረጣል? ሰልፍ አይደለም። አሥር ዓመት ካምፕ የኖረ እያለ ትናንት የመጣች ሴት ልትቀድም ትችላለች። የሚታየው ያለበት አደጋ ነው፦ በተጠለለበት አገር እንኳ ሕይወቱ የሚያሰጋው፣ ግርፋትና ጥቃት የደረሰበት፣ እዚያ የማይገኝ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ ለብቻዋ ለጥቃት የተጋለጠች ሴት፣ አሳዳጊ የሌለው ልጅ። ከዚያ ዩኤን ስሙን ለአንድ አገር ያቀርባል። ያ አገር የራሱን ኢንተርቪው ያደርጋል፤ የጸጥታ ማጣራት አለ፤ ሜዲካል አለ። በመሐል አንዱ ከዘገየ የሜዲካሉ ጊዜ ያልፍና እንደገና ምርመራ ይባላል። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚሉን ልጆች ዓመታት የሚፈጅባቸው ለዚህ ነው። ሰውየው ፕሮሰስ ላይ እያለ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ልጁ ፊደል ይቆጥራል። ልጅ ሲወለድ ደግሞ ኬዙ እንደገና ይከፈታል።

የእትዬ ዘመድ ግን በሌላ በር ነው የገባው። ስፖንሰር አግኝቷል። ካናዳ ከ1979 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የቬትናም ስደተኞች በብዛት በመጡበት ጊዜ የተስፋፋ አንድ አሠራር አላት። አምስት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ተሰባስበው፣ ወይም አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ «እኛ አንድ ዓመት እንይዘዋለን» ብለው ይፈርማሉ። ቤት ይከራያሉ፣ ቀለብና ልብስ ይችላሉ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያስመዘግባሉ። ስነግራቸው እትዬ ፈገግ አሉ። «ዕድር ነዋ!» አሉ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም። ብቻ ይሄኛው ዕድር የተቋቋመው ለሞተ ሳይሆን ለመጣ ሰው ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ግማሹን ነው። አማርኛችን ሁለት ግስ አለው፤ ማስፈርና ማቋቋም። ማስፈር ሰውን ወስዶ ማስቀመጥ ነው። ደርግም አስፍሯል። ማቋቋም ማለት ግን ሰውየው በራሱ እግር እንዲቆም ማድረግ ነው። ሪሴትልመንት የምንለው ነገር ሁለቱንም ካልያዘ፣ እውነትም ከ77ቱ ሰፈራ ብዙ አይለይም።

አሜሪካንን እንይ። በተለመደው አሠራር ስደተኛው ሲደርስ የተመደበለት ድርጅት ሰው ኤርፖርት ይጠብቀዋል። ቤት ተዘጋጅቷል፤ አልጋ፣ ድስት፣ ሳሙና ገብቷል። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ቀን ምግብ የሰውየው አገር ዓይነት እንዲሆን ደንቡ ያዛል። አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ ይቺን ደንብ ሲጽፍ እናቱን ያሰበ ይመስለኛል። ከዚያ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ጤና ምርመራ፣ እንግሊዝኛ ትምህርት፣ ሥራ ፍለጋ። ይህ የመጀመሪያ እርዳታ 90 ቀን ነው። ዘጠና ቀን! እዚህ ከገና እስከ ፋሲካ እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላም ሌላ ሌላ ድጋፍ ይኖራል፤ የቤት ኪራዩ ግን ወር ቆጥሮ ይመጣል። የአውሮፕላን ትኬቱ ራሱ ብድር ነው። ወለድ የለውም፤ ግን ይከፈላል። አገር ቤት ያለ ዘመድ ይሄን ስለማያውቅ በሁለተኛው ወር «ምነው ረሳኸን?» ይላል።

ወረቀቱ ጥሩ ነው። ከገባበት ቀን ጀምሮ መሥራት ይፈቀድለታል፤ ከዓመት በኋላ ለግሪን ካርድ ያመለክታል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ካናዳ ደግሞ ከአውሮፕላን ሲወርድ ጀምሮ ቋሚ ነዋሪ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። እዚህ ነርስ የነበረች ሴት፣ እዚያ እንደገና ተፈትና ፈቃድ እስክታወጣ ድረስ ነርስ አይደለችም። አስተማሪው ፓርኪንግ ይጠብቃል። ከመንዝ የሄደ ገበሬ በጉን ከሩቅ በጆሮው ምልክት የሚለይ ሰው ነው፤ እዚያ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሣ ያ ሁሉ ዕውቀት ማንም የማይጠይቀው ነገር ይሆናል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ቋንቋው ይመስለኛል። ልጆች ቶሎ ይይዙታል፤ አባት ይዘገያል። ስለዚህ የአሥር ዓመት ልጅ የአባቷ አስተርጓሚ ትሆናለች። ሐኪም ቤት አብራው ትገባለች፤ አባቷ ሊነግራት የማይገባውን ሕመም በአፏ ለሐኪሙ ትናገራለች። ደብዳቤ ሲመጣ እሷ ታነባለች፤ ባንክ እሷ ትደውላለች። ቀስ በቀስ ቤቱን የሚመራው ማን እንደሆነ ይጠፋል። አንድ ጓደኛዬ በስልክ «ልጄ ካልፈቀደችልኝ መብራት እንኳ አልከፍልም» ብሎኝ ስቀን ነበር። በኋላ ሳስበው አላሳቀኝም።

ለዚህ ነው ጥሩ የማቋቋም ሥራ ከገንዘብ ይልቅ ሰው የሚፈልገው። አውቶቡስ እንዴት እንደሚያዝ አንድ ቀን አብሮ ተሳፍሮ የሚያሳይ። ሐኪም ቤት ልጅቷን አስቀርቶ ራሱ የሚያስተረጉም። የእኛ ሰው የበዛባቸው እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ አካባቢዎች አዲስ መጪ ቶሎ የሚላመደው፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ፣ ዕቁቡና ዕድሩ ቀድሞ ስለደረሰ ነው። እኛም ይሄን ከዚህ እናውቀዋለን። ተፈናቃዮቹ ደብረ ብርሃን ሲገቡ በመጀመሪያው ሳምንት እንጀራና ብርድ ልብስ ያላወጣ ቤት ጥቂት ነው። ስድስተኛው ወር ላይ ግን ሰውየው የሚፈልገው ብርድ ልብስ አልነበረም። «ና እስቲ እኔ ጋ ሥራ» የሚለው ሰው ነበር። ያ ሰው ጥቂት ነው፤ እዚህም እዚያም።

በሮቹ አሁን እየጠበቡ ነው። አሜሪካ በ2024 የበጀት ዓመት 100 ሺህ ገደማ ስደተኛ ተቀብላ ነበር። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙ ታገደ፤ ለ2026 የበጀት ዓመት የተቀመጠው ጣሪያ 7,500 ብቻ ነው። ሜዲካል ጨርሰው፣ ትኬት ተቆርጦላቸው የነበሩ ሰዎች ሻንጣቸውን መልሰው ፈቱ። ካናዳም በ2024 መገባደጃ ላይ ከእነዚያ የአምስት ሰው ቡድኖች አዲስ ማመልከቻ መቀበሏን ለጊዜው አቁማለች። የእትዬ ዘመድ ፋይል ከዚያ በፊት ስለገባ ነው የተረፈው።

ይሄን ሁሉ ስዘረዝር እትዬ ቡናውን ቀድተው ጨርሰዋል። ሦስቱን ሲኒ አዩና ሦስተኛውን ወደ እኔ ገፉት።

«ማን ነበር ያልከው አገሩ?»

«ካናዳ፣ ዊኒፔግ።»

«ብርዳም ነው?»

«ይበርዳል እትዬ።»

«ከእኛ ይብሳል እንዴ?» አሉ፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚበልጥ ብርድ መኖሩን እንደ ስድብ ቆጥረውት። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 30 የሚደርስበት ቀን እንዳለ ነገርኳቸው። ቁጥሩ ምንም አላላቸውም። «ውኃ መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆናል» አልኳቸው፤ ትንሽ አጋንኜ።

ዝም አሉ። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው፣ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው መቼ እንደሚገኝ እንድታጠያይቅ አዘዟት። «ጋቢውን ድርብ ነው የማሠራለት» አሉ።