«ዱቄት ካልበዛ አይነጥርም»፦ ስለ ካንቶን የዓሣ ድቡልቡል ሾርባ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ (ካንቶን) ግዛትና በሆንግ ኮንግ፣ ይህ ሾርባ የዘወትር ምግብ ነው። ድቡልቡሉ ጥርስ ሲያርፍበት መልሶ መግፋት አለበት፤ ካልገፋ ዓሣው ቢጣፍጥም አልተሳካም።

ለ4 ሰው፦ 500 ግራም ቆዳና አጥንት የሌለው ዓሣ፣ 9 ግራም ጨው (1½ የሻይ ማንኪያ)፣ 20 ግራም ኮርን ስታርች (ከበቆሎ የሚወጣ ነጭ ዱቄት)፣ 60 ሚሊ ሊትር በበረዶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ½ የሻይ ማንኪያ ነጭ ቁንዶ በርበሬ።

«እንቁላል ይገባበታል»
የካንቶንኛ ስሙ «ዩ ዳን» ቃል በቃል የዓሣ እንቁላል ማለት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው። ስሙ ስለ ቅርጹ ነው፤ እንቁላል አያስፈልገውም።

«የሚያነጥረው ስታርቹ ነው»
ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ስታርች ሲበዛ ድቡልቡሉ ሊጥ ሊጥ ይላል። የሚያነጥረው ጨውና የእጅ ጉልበት ነው። ጨው ከዓሣው ሥጋ ውስጥ ማዮሲን የተባለውን ፕሮቲን ያወጣዋል፤ ፕሮቲኑ ሲታሽ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ሲሞቅ ደግሞ ውሃውን እንደያዘ ይረጋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መቀያየር የለበትም። መጀመሪያ የተፈጨውን ዓሣ በጨው ብቻ እሹት፤ እጅ ላይ መጣበቅ ሲጀምር የበረዶውን ውሃ በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩ፤ ስታርቹና ቁንዶ በርበሬው መጨረሻ ይግቡ። ከዚያ ሁሉንም አንስታችሁ ከጎድጓዳው ሳህን ጋር ወደ 50 ጊዜ አላትሙት። ጎረቤት ቢሰማም ግድ የለም። ቁራሽ ወስዳችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትጥሉት ከተንሳፈፈ መታሸቱ በቅቶታል።

«ብሌንደር ካለ ጣጣ የለም»
ብሌንደር ይፈጫል፣ ግን ያሞቃል። ዓሣው ከ10 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ሲሄድ ፕሮቲኑ ከመያያዙ በፊት ይበላሽና ሲበስል ይፈረፈራል። ዓሣውንም የብሌንደሩንም ዕቃ ቀድማችሁ አቀዝቅዙ፤ ለጥቂት ሰከንድ እየፈጫችሁ አቁሙ። ማሸቱን ግን በእጅ።

«ማንኛውም ዓሣ ያው ነው»
የጓንግዶንግ ባለሙያዎች የሚመርጡት ሊንግ ዩ የተባለውን አጥንተ ብዙ የወንዝ ዓሣ ነው። እሱ ከሌለ ትኩስ የቆሮሶ ፊሌቶ ይሠራል፤ ትንሽ ለስለስ ይላል እንጂ። ቀልጦ ተመልሶ በረዶ የሠራ ዓሣ ግን ጨርሶ አይመከርም፣ የመያያዝ ኃይሉን አጥቷል።

«ሽታውን ሎሚ ያጠፋዋል»
ሎሚ ሊጡ ውስጥ ከገባ አሲዱ ፕሮቲኑን ያዳክመዋል፣ ንጥረቱም ይጠፋል። ለሽታው ዝንጅብልና ነጭ ቁንዶ በርበሬ በቂ ናቸው። ሎሚ የፈለገ ሳህኑ ላይ ይጭመቅ።

«የፈላ ውሃ ውስጥ ይጣላል፤ ከተንሳፈፈ በስሏል»
ሁለት ስህተት በአንድ ላይ። የሚንፈቀፈቅ ውሃ ላዩን ያሳብጥና ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል። ሊጡን በጭብጣችሁ ይዛችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ጨምቁ፤ ብቅ ያለውን በረጠበ ማንኪያ እያነሳችሁ ለብ ያለ ውሃ (35–40 ዲግሪ) ውስጥ ጣሉ። 15 ደቂቃ ይቆይ፣ በዚያው ይረጋል። ከዚያ እሳቱን ከፍ አድርጉ፤ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ላይ ከዘገየ የዓሣው ኢንዛይሞች የረጋውን መልሰው ያላሉታልና። ውሃው ዳር ዳሩን መንተክተክ ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ። መንሳፈፉ ደግሞ ምስክር አይሆንም፣ ጥሬውም ሲንሳፈፍ አይተናል። ከተንሳፈፈ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቁና አንዱን ቆርጣችሁ መሃሉ መንጣቱን እዩ።

«ነጭ መረቅ ወተት አለው»
የለውም። ስንጥቡ (መተንፈሻው) የወጣለትን የዓሣ ጭንቅላትና አጥንቱን አድርቃችሁ፣ በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በ4 ቁራጭ ዝንጅብል ቡናማ እስኪሆን ጥበሱ። 1½ ሊትር የፈላ ውሃ ጨምራችሁ በኃይለኛ እሳት 15 ደቂቃ አፍሉና አጥልሉ። ስቡ በጣም ደቃቅ ሆኖ ውሃው ውስጥ ሲበተን ነው የሚነጣው። ቀስ ብሎ የፈላ መረቅ ጥርት ብሎ ይቀራል።

«የታሸገው ብዙ መቀቀል አለበት»
በረዶ ሆኖ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የበሰለ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። መረቅ ውስጥ 5 ደቂቃ ካሞቁት ይበቃዋል፤ ብዙ ከፈላ ያብጥና ሲወጣ ይጨማደዳል። ሰላጣውን፣ ቅጠል ሽንኩርቱንና የድንብላል ቅጠሉን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጣል አድርጉ። ጨውም ያኔ ቅመሱ፣ ድቡልቡሉ የራሱን ይዞ መጥቷል።