«የቁማር ጉዳት» ምንድን ነው? ከሱስ ጋር የተምታታው ቃል

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ፣ የስፖርት ውርርድ በሠራተኞች ላይ የሚያደርሰውን ችግር ለማስወገድ ድርጅቶች ሱሰኞቹን ለይተው ከገንዘብ ያዥነት ቢያነሡ፣ ካልሆነም ቢያሰናብቱ በቂ መሆኑን ሲያስረዱ አነበብኩ። በአእምሮ ሕክምና ለምንሠራ ሰዎች ይህ ተደጋግሞ የሚሰማ ስሕተት ነው፤ «የቁማር ጉዳት» እና «የቁማር ሱስ» አንድ ነገር አይደሉምና።

ሱስ በሐኪም የሚደረስበት የምርመራ ውጤት ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከዘጠኝ መለኪያዎች ቢያንስ አራቱ በ12 ወራት ውስጥ መታየት አለባቸው፤ የተበላውን ለማስመለስ ደግሞ መወራረድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጉዳት የሚባለው ግን የደረሰው ኪሳራ ራሱ ነው፦ ያልተከፈለ የቤት ኪራይ፣ እንቅልፍ ያጣ ሌሊት፣ የተቋረጠ ዕቁብ፣ በዋስትና የፈረመ ባልደረባ ዕዳ። አንድም መለኪያ የማያሟላ ሠራተኛ ደመወዝ በወጣ ማግስት ባስያዘው ገንዘብ ቢበላ፣ ቤተሰቡ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት የወጣ ጥናት፣ ከጠቅላላው ጉዳት አብዛኛው የሚመነጨው እጅግ ከተቸገሩት ጥቂቶች ሳይሆን ችግራቸው ከእነርሱ ከሚያንሰው ብዙኃን መሆኑን አመልክቷል፤ የአለካኩ ዘዴ በሙያው ውስጥ ክርክር ማስነሣቱን ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም።

ነገሩ ምስጥ የገባበትን ቤት ይመስላል። በምስጥ የተበላ ምሰሶ ከውጭ ሲታይ ደኅና ነው፤ ውስጡ ባዶ እየሆነ በሄደ መጠን ግን የጣሪያው ክብደት ወደ ሌሎቹ ምሰሶዎች ይዞራል። በመሥሪያ ቤትም የቀረውን ሰው ፈረቃ የሚሸፍነውና ብድሩን በዋስነት የሚከፍለው አጠገቡ ያለው ባልደረባ ነው። አስተያየት ሰጪው የሚመክሩት የወደቀውን ምሰሶ ነቅሎ መጣልን ነው፤ ምስጡ ያለበት መሬት ግን እንደነበረ ነው። እንጨት እንደ ሰው አያፍርምና ምሳሌው ከዚህ በላይ አይሄድም፤ የባልደረባውን መባረር ያየ ሠራተኛ የራሱን ችግር ይበልጥ ይደብቃል።

አሠሪው መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው አድቫንስ የሚባለውን የደመወዝ ብድር ነው። በደግነት በየወሩ በጥሬ ገንዘብ ሲሰጥ ለውርርዱ ስንቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥያቄው ሲደጋገም በምሥጢር አነጋግሮ፣ ሠራተኛው ከተስማማ ኪራዩን በቀጥታ ለአከራዩ መክፈል ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይደነግጋል፤ ይሁንና ዕቁቡና ከጓደኛ የተወሰደው ብድር በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ስለማይታዩ፣ ሁለት ሦስተኛው በወረቀት ላይ ቢተርፍም ሠራተኛው እጅ ላይ የሚቀረው ከዚያ በጣም ሊያንስ ይችላል። የካዝና ቁጥጥርን በተመለከተ፣ ሁለት ፊርማና ድንገተኛ ቆጠራ በተጠረጠረው ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ላይ ሊሠራባቸው ይገባል። ገንዘብ ጎድሎ ከተገኘ ጉዳዩ በሕግ ይታያል፤ ምንም ሳያጎድል «ተቸግሬአለሁ» ብሎ የመጣውን ሠራተኛ ግን ከዚያ ጋር መደባለቅ አይገባም።

ማንም ባይጠይቀኝም ሁለት ማሳሰቢያዎችን ልጨምር። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የታወቀው የቁማር ችግር መጠይቅ በሰው ሀብት ክፍል ለቅጥር ማጣሪያ የሚውል አይደለም። ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ከዚያ በፊት ቁማር ነክቶ በማያውቅ ሰው ላይ ብርቱ የመወራረድ ፍላጎት ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ዕዳውን የተናገረ ሠራተኛ ስለ ሞት ማንሣት ከጀመረ ብቻውን መተው የለበትም፤ የዕዳው ሒሳብ ለሌላ ቀን ይቆይና በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይድረስ።